ነብር ሽማግሌ አይልክም

ባለፈው ሚያዝያ ከወንጂ የሚመጣ ዘመድ ለመቀበል መናኸሪያ ቆሜ ነበር። የአዳማን የሚያዝያ ፀሐይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ለሚያውቅ ደግሞ አያስፈልግም። የወንጂ መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ አንዲት ሴት ጨቅላ ልጅ ታቅፋ ከረጢቷ ላይ ተቀምጣለች። የሸንኮራ ቆራጭ ሚስት ሳትሆን አትቀርም፤ አነጋገሯ የሩቅ አገር ነው። ጥላ በአካባቢው የለም። የነበረችውን ትንሽ ጥላ ባጃጆች ተሰልፈው ይዘዋታል፤ ባጃጅ ከሰው ይልቅ ፀሐይ እንደሚፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ሰው ከሴትዮዋ ጀርባ መጥቶ ቆመ። በብብቱ የያዘውን ጥቅል ባነር ፈታና ሁለቱን ጫፍ ይዞ ከራሷ በላይ ዘረጋው። አላናገራትም። እሷም ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ የሕፃኑን ፊት ገለጠችው፤ አየር ያግኝ ብላ ይሆናል። ሰውየው የቴንዳ ምሰሶ ሆኖ ቀረ። ላቡ በክርኑ ይንጠባጠባል፤ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ መኪናው እስኪመጣ ግን አላወረደውም። ባነሩ ላይ አፉን የከፈተ ባለ መስመር ነብር አለ፤ ከሥሩም በደማቅ ቀለም «ነብር ብቻውን ነው! አንተስ? ከዱር ነብር የምንማራቸው የሕይወት ትምህርቶች» ይላል። ሕፃኑ ልክ ከነብሩ መንጋጋ ሥር እንቅልፍ ወስዶታል።

መኪናው ተነሥቶ ሴትዮዋ ስትሄድ ሰውየው ባነሩን እየጠቀለለ ዞር ሲል አየኝ። ደነገጠ።

«ቀለሙ እርጥብ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ላናፍሰው ብዬ ነው።»

ሰው ሲሰርቅ ተይዞ እንዲህ ሲያፍር አይቻለሁ። ደግ ሲሠራ ተይዞ ሲያፍር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህ ሰው ጉተማ ይባላል። ሰፈራችን «ነብሩ» ነው የሚለው።

የተወለደው አቦምሳ ነው። አባቱን በልጅነቱ አጥቶ እናቱ አዴ ጋዲሴ በገበያ በቆሎና ማሽላ እየቸረቸረች አሳደገችው። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰ አዳማ መጣና አንድ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ አዘጋጅ ሆኖ ተቀጠረ። አዳማ ውስጥ ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ስለ ድህነት መወያየት ሲፈልግ እኛ ዘንድ ይመጣል። ስለ ውሃ እጥረት የታሸገ ውሃ እየጠጣ ይመክራል፤ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሦስት ቀን ይሠለጥናል። አዲስ አበባ አዳራሽ ጠፍቶ አይደለም፤ እዚያ ሲሆን አበል ስለሌለው ነው። እኛም አናማርርም። ሆቴሎቻችን የቆሙት በዚህ ነው፤ ፈጣሪ ለእያንዳንዱ አገር የራሱን ዝናብ ሰጥቶታል።

የጉተማ ሥራ ወንበር መደርደር፣ መጋረጃ መሳብና ማይክሮፎን ይዞ ከጠያቂ ወደ ጠያቂ መሮጥ ነበር። ስለ አመራር፣ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ግጭት አፈታት የተሰጠውን ሥልጠና ሁሉ ቆሞ ሰምቷል። ተቀምጦ የሰማው አንድም የለም። በዚህ ስሌት አገሪቱ ውስጥ እንደ እሱ የሠለጠነ ሰው አልነበረም፤ የጎደለው የምስክር ወረቀት ብቻ ነው።

በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ባለቤቱ የዱር አራዊት ማየት ይወዳል፤ ድምፅ ግን አይወድም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ አራዊት ያሳያል፣ ድምፁ ግን ተዘግቷል። ጉተማ ሥራ በፈታ ቁጥር እዚያ ይቆማል። ልቡን የወሰደው ትልቁ የእስያ ነብር ነው፤ ባለ መስመሩ። ተራኪው የሚለው ስለማይሰማ ትርጉሙን ራሱ ይሰጠዋል። ነብሩ ዛፍ ሥር ሲጋደም «ዕቅድ እያወጣ ነው» ይላል። ሲያዛጋ «ለጠላቱ ጥርሱን እያሳየ ነው» ይላል። ሙቀት አቃጥሎት ኩሬ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ «ራሱን ከዓለም ጫጫታ ለየ» ይላል። የሆቴሉ አስተናጋጆች ይስቁበት ነበር። በኋላ ግን እነሱም መስማት ጀመሩ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሠልጣኝ ሞጆ ላይ መኪናው ተበላሸ። አዳራሹ ሞልቷል፤ የጠዋቱ ሻይ ተጠጥቷል፤ ተሳታፊው ማጉረምረም ጀምሯል። ጉተማ ማይክሮፎኑን «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ ሲሞክር እጁ ላይ ቀረ። «ነብር» አለ። ዝም ተባለለት። ቀጠለ። አሠልጣኙ ላቡን እየጠረገ ሲደርስ ሰው ቆሞ እያጨበጨበ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉተማ ወንበር አልደረደረም፤ የሚደረደርለት ሆነ።

ሱቄ የጽሕፈት መሣሪያ ስለሚሸጥ አንድ ጊዜ ደብተርና እስክሪብቶ ላደርስ ሄጄ ሥልጠናውን ከኋላ ቆሜ ሰማሁት። ጎበዝ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

«ነብር ጓደኛ የለውም!» ይላል እየተንጎራደደ። «ብቻውን ያደነውን ብቻውን ይበላል! የተረፈውን ይደብቃል! ግዛቱን ያስምራል! ሲመጣም ከፊት አይመጣም፣ ከኋላ ነው!»

ሰው ይጽፋል። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «ከኋላ» የሚለውን ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ባልደረቦቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ እነሱም እያሰመሩ ነው።

በጥያቄ ሰዓት የገበያ ሴቶችን ወክለው የመጡት እማማ ዘርፉ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ግዛቱን ያስምራል ያልከው በምንድን ነው? በኖራ ነው?»

«በጠረኑ ነው፣ እማማ።»

«ጠረኑን ከየት ያመጣዋል?»

ጉተማ ማይክሮፎኑን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ዛፍ ላይ... ይሸናል።»

«እንዲያ በለኛ!» አሉ እማማ ዘርፉ። «ታዲያ ይህን ለመማር ምን እዚህ አመጣኝ? የኔ አጥር ሥር በየማታው ስንት ነብር እንደሚሰለፍ ብታይ! መሽናት ክልክል ነው ብዬ ባስጽፍ ጽሑፉ ላይ ነው የሚያሰምሩት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጉተማ አልተደናገጠም። «እማማ ዘርፉ የተግባር ልምዳቸውን አካፍለውናል፤ ጭብጨባ!» አለ። ተጨበጨበ። እሳቸውም እንዳሸነፉ ይሁን እንደተሸነፉ ሳይገባቸው ተቀመጡ።

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ «የኛ ነብር ነጠብጣብ ነው ያለው፤ ይሄ መስመር ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ።

«ይሄ የውጭው ነው፣ አባባ።»

«የውጭ ነው እንዴ!» አሉ ሽማግሌው፤ ወዲያው ፊታቸው ላይ አክብሮት መጣ። እኛ ዘንድ አውሬም ቢሆን ከውጭ ሲመጣ ይከበራል። አርሲ ጋራ ላይ ያለው የገዛ ነብራችን የፍየል ሌባ እየተባለ በድንጋይ ይሳደዳል፤ ስለ እሱ አዳራሽ ተከራይቶ የተናገረ እስካሁን አልሰማሁም።

ቤት ገብቼ ስለ አራዊት የሚናገር አንድ አሮጌ መጽሐፍ ገለጥሁ። ነብር እንደሚባለው አይደለም። ካደነው ይልቅ ያመለጠው ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ ባዶ አፉን ይመለሳል፤ ተመልሶም ይነሣል። ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ ጠብ ይሸሻል፤ ሌላ ነብር ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ አግሥቶ መንገዱን ይቀይራል። እንዲያውም አንዳንድ ወንድ ነብር ታዳኙን ከጣለ በኋላ ገለል ብሎ ሴቷና ግልገሎቿ እስኪበሉ ሲጠብቅ የታየበት ጊዜ አለ። እጄን በገጹ ላይ አድርጌ ፈጣሪን አመሰገንሁ። በማግሥቱ ለጉተማ ነገርሁት።

በትዕግሥት ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ አይሸጥም። ሰው 'ደጋግመህ ትወድቃለህ፣ ታገሥ፣ ሚስትህን አስቀድም' ሊባል አዳማ ድረስ ይመጣል? እሱንማ ቤተ ክርስቲያን በነፃ ይሉታል።»

«በነፃም ሲሉን አልሰማንም» አልሁት።

አስተማሪ በትምህርቱ ሲነግድ ብዙ ጉዳት የለውም። ችግር የሚመጣው የራሱን ትምህርት ማመን ሲጀምር ነው። አብዛኞቹ አስተማሪዎቻችን ከዚህ አደጋ የተጠበቁ ናቸው። ጉተማ ግን የዋህ ስለሆነ አልተጠበቀም።

ከሱቄ ጎን የሻሼ ሻይ ቤት አለ። ጉተማ ድሮ እዚያ ሲገባ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ነበር የሚቀመጠው፤ ከአንዱ ሰሐን ይቆርሳል፣ ከሌላው ብርጭቆ ይጎነጫል። አሁን ጥግ ይዞ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ዳቦውን በክንዱ ከልሎ መብላት ጀመረ።

«ምነው ጉቴ፣ ተጣላን?» አለችው ሻሼ።

«ነብር ሲበላ አያወራም፣ አዴ።»

«ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ነው የሚበላው? ይሄማ ነብር አይደለም፤ ቅጣት ላይ ያለ ተማሪ ነው።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። ከዚያ ከእድር ወጣ። የእድሩ ዳኛ ምክንያቱን ሲጠይቁት «ነብር እድር የለውም» አላቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?» ቢሉት «እሱ ለአንበሳ ነው» ብሎ መለሰ። ይህን መልስ ሰፈሩ ለብዙ ጊዜ ሲቀባበለው ከረመ።

ባለፈው ክረምት እማማ ቶይባ ሲያርፉ ግን የሳቀ አልነበረም። እማማ ቶይባ የአብዱናሲር እናት ናቸው፤ አብዱናሲር ከሱቄ ማዶ ሩዝና ቅመም ይሸጣል። ጉተማ ከአቦምሳ መጥቶ እነሱ ግቢ ጠባብ ክፍል ሲከራይ በየረመዳኑ ማታ ማታ ሳምቡሳ የሚልኩለት እሳቸው ነበሩ። ቀብራቸው ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጣ። ጉተማ አልመጣም። ያን ቀን «ነብር ለስሜት አይገዛም» የሚል ሥልጠና ነበረበት። ለአብዱናሲር የማጽናኛ መልእክት በስልክ ላከለት፤ ከሥሩም የሚቀጥለው ሥልጠና ማስታወቂያ በራሱ ተያይዞ ነበር።

እንዲህ ብቻውን ሆኖ ሲኖር ዱሬቲን አገኘ። ዱሬቲ አዳማ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የሻሼ ወንድም የኦቦ ጫምሳ ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ወለንጪቲ ነው። ጉተማ ሲጮኽ ውሎ ድምፁ ተዘግቶ የጉሮሮ መድኃኒት ሊገዛ ገባ። በምልክት ነው የጠየቃት። «ነብርም ያስለዋል እንዴ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ ያመው ጀመር። ይዋደዳሉ፤ በዚህ ማንም አይጠራጠርም። እሷ ስትስቅ እሱ ነብርነቱን ይረሳል፤ ሻሼ ሻይ ቤት ከእሷ ጋር ሲመጣ ፊቱን ወደ ሰው ያዞራል።

ግንቦት ላይ ዱሬቲ ቁርጡን ነገረችው። መተሐራ ያለ አንድ ባለ ጭነት መኪና እሷን ለማግባት ሽማግሌ ልኳል፤ አባቷ ገና መልስ አልሰጡም።

«ቶሎ ሽማግሌ ላክ» አለችው።

«ነብር ሽማግሌ አይልክም» አላት።

ቀልዱን መስሏት ሳቀች። «እንግዲያው ቅዳሜ ይመጣሉ ብዬ ለአባዬ እነግራለሁ» አለችው። «ንገሪ» አላት። እሱ እመጣለሁ ማለቱ ነው፤ እሷ ይመጣሉ ብላ ተናገረች።

ቅዳሜ የሆነውን ሻሼ ነች የነገረችን፤ እዚያ ነበረች። ሻይ ቤቷ ውስጥ ማማሰያዋን እንደ ማይክሮፎን ይዛ፣ አንዴ ወንድሟን አንዴ ጉተማን እየሆነች ስትጫወተው ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።

ኦቦ ጫምሳ ገበሬ ናቸው፤ ጤፍና ሽንኩርት ያመርታሉ፤ በወለንጪቲ ስማቸው ይከበራል። ለሽማግሌዎቹ ከጎረቤት ወንበር ተውሰው በግራሩ ሥር ደርድረዋል፤ ዳቦ ተጋግሯል። ጉተማ ከረባቱን አስሮ፣ በባጃጅ፣ ብቻውን ደረሰ። «አካም ጅርታ» ተባባሉ። ኦቦ ጫምሳ አስቀመጡትና ወደ መንገዱ ያዩ ጀመር።

«ሌሎቹስ? መኪና ተበላሸባቸው?»

«እነማን?»

«ሰዎችህ ናቸዋ።»

«ብቻዬን ነኝ፣ ኦቦ።»

«እሱማ ይታየኛል። ሰዎችህ የት ደረሱ ነው የምልህ?»

«ሰው የለኝም። ማለቴ... አለኝ፤ አላመጣሁም።»

ኦቦ ጫምሳ ደነገጡ። «ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«ሞተውብህ ነው? ነፍስ ይማር፣ ልጄ፣ አልሰማሁም ነበር...»

«ሁሉም ደኅና ናቸው።»

«እና አንተን ምን አገኘህ?»

ጉተማ ተነሣ። ከወንበሩ ኋላ ሄዶ ቆመ፤ የአዳራሽ ልማዱ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ኦቦ ጫምሳ» አለ፤ «ነብር...» አለና ለባዶዎቹ ወንበሮች ሙሉ ሥልጠናውን ሰጣቸው። «እጁን እንዲህ ሲያደርግ ዶሮዎቹ ሸሹ» አለችን ሻሼ። «እንዲህ ሲያደርግ ደግሞ የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ወጡ። ወንድሜ ግን ዓይኑን አልነቀለም።»

ኦቦ ጫምሳ የሰው ንግግር አያቋርጡም። እስኪጨርስ ጠበቁና ጠየቁት።

«ጥሩ ነው። ይህ ነብር ሚስት ያገባል?»

«ይገናኛሉ።»

«ከተገናኙስ በኋላ?»

«ይለያያሉ።»

«ልጆቹን ማን ያሳድጋል?»

እዚህ ላይ ሌላ አነቃቂ ተናጋሪ ቢሆን የሚለው አያጣም። ጉተማ ግን ፊት ለፊት ሲጠየቅ መዋሸት አይችልም፤ ለሥራው የማይመጥን አንድ ጉድለቱ ይህ ነው።

«እናትየዋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብቻዋን።»

«አባትየውስ?»

«ግዛቱን ይዞራል።»

«እየሸና» የሚል ድምፅ ከቤት ውስጥ መጣ። ዱሬቲ ናት።

ኦቦ ጫምሳ አልሳቁም። «ሲያረጅስ? ጥርሱ ሲወልቅ ማን ያበላዋል?»

«ማንም አያበላውም።»

«እና ልጄን የጠየቅኸኝ ለዚህ ነው?»

ጉተማ ተቀመጠ። ኦቦ ጫምሳም ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡት፤ ሻሼ ይህን ስትናገር ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ስማኝ፣ ልጄ። አንተን ጠልቼ አይደለም። እኔ ልጄን የምሰጠው ለወንድየው ብቻ አይደለም፤ አብረውት ለመጡት ጭምር ነው። ነገ ብትበድላት ማንን ልጥራ? ነብሩን? አንተስ ብትታመም እሷ ማንን ትጥራ? ያ የመተሐራው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ስለ እሱ የሚምሉ አምስት ሰዎች እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው አይቻለሁ። የነገ ሳምንት እሁድ መልሴን ሊሰሙ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ሰው ይዘህ ከመጣህ እሰማሃለሁ። ብቻህን ከመጣህ ግን ውሻውን አስረዋለሁ ብዬ ቃል አልገባም።»

ዱሬቲ እስከ በሩ ሸኘችው። «ሳቄን ሳልጨርስ አስለቀስኸኝ» አለችው። «ሰው ይዘህ ና፣ ጉቴ። ሰው ካጣህ እኔ ምን ብዬ እከራከርልሃለሁ?»

እንግዲህ ነብሩ ሰው ፍለጋ ወጣ። የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ጠየቀ፤ «ደስ ይለኝ ነበር፤ እስከ እሁድ ስብሰባ አለብን» አሉት። «ከኋላ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ያሰመረበትን ኃላፊ ጠየቀ፤ እሱም ስልኩን ሳያነሣ ቀረ፤ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው። የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄደ። «ነብር እድር የለውም ብለኸናል» አሉት፤ «እኛም አባላችን ያልሆነ አውሬ አናውቅም።»

ሐሙስ ዕለት አብዱናሲር ሱቅ ሲገባ አየሁት። ማዶ ለማዶ ስለሆንን ሁሉም ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አብዱ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ነብሩ። ሥጋ ቤቱ ወደዚያ ነው።»

ገበያተኞቹ ሳቁ። ጉተማ ቆሞ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ሽማግሌ እንድትሆነኝ ነው የመጣሁት።»

አብዱናሲር ሩዝ እየመዘነ ነበር፤ ማንኪያውን ከጆንያው ውስጥ ተከለው። «እኔ? እናቴ ሳምቡሳ ስትልክልህ በእጅህ ነው የተቀበልሃት። ስትሞት በስልክ ቀበርሃት።»

«ይቅርታ ልልህ ነው።»

«ይቅርታውን ሰምቻለሁ። አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን።» ማንኪያውን ነቅሎ ሩዙን መመዘን ቀጠለ። «ሽማግሌነቱ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌ ለመለመንም ሽማግሌ ይላካል፤ ይህንንስ ማን ሊያስተምርህ ነበር? ብቻህን መጥተህ 'ብቻዬን እንዳልሆን እርዳኝ' ትለኛለህ? ሂድ፣ ሰው ላክብኝ። ሰው ከላክህ ያኔ እናያለን።»

ጉተማ ወጥቶ መንገዱ መሐል ቆመ። አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋበት፤ ዞር አለለት። ከዚያ እየተጎተተ ወደ እኔ ሱቅ ተሻገረ። አንድ እስክሪብቶ አነሣ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ ዘጋ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ» አለ። «ነብር እንኳ...»

ቀና ብዬ አየሁት። አቆመ። ከረባቱን ፈቶ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆንህ?» አልሁት።

«እናቴ አቦምሳ ናት፤ ጉልበቷ አይችልም። አባት የለኝም። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት አዳራሽ ሙሉ ሰው ተነሥቶ አጨብጭቦልኛል። ትናንት ማንን ልጥራ ብዬ ስልኬ ውስጥ ያለውን ስም አንድ በአንድ አየሁት። ተሳታፊ፣ ተሳታፊ፣ ተሳታፊ ነው የሚለው፣ ጋሼ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።»

ሻሼ ከጎን ሆና ብርጭቆ ማጠቧን አቁማለች፤ እንደምትሰማ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እኔ ዘንድ ለምን ቆይተህ መጣህ?»

«እርስዎ እምቢ ካሉኝ ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ ነው። እስከ አሁን ይህን ላለማወቅ ነበር የምዞረው።»

«እና ምን ላድርግልህ?»

ከበርጩማው ተነሣ። ልማዱ ሆኖ እጁን ሊያነሣ ነበር፤ ተወውና ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«አብዱናሲር ዘንድ ሽማግሌ ይሁኑልኝ። አሁን፣ ሱቁን ሳይዘጋ። እሱ እሺ ካለዎት ደግሞ ነገ ሁለታችሁ ሆናችሁ ወለንጪቲ ሂዱልኝ። እኔ ከኋላችሁ ሆኜ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ኦቦ ጫምሳ ስለ እኔ ሲጠይቁዎ አያመስግኑኝ፤ ጎበዝ ነውም አይበሉ። ይሄ ልጅ ብቻውን መሆን አይሆንለትም፣ ሞክሮ አቅቶታል ብለው ይንገሩልኝ።»